ስም ያልተጻፈበት ሜዳይ

በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያና ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል በሚወስደው መንገድ የአንቲክና የባህል ዕቃ ነጋዴዎች ለረጅም ዘመን ሲሠሩ ኖረዋል። በመስታወት ሣጥናቸው ውስጥ የብር መስቀል፣ የማርያ ትሬዛ ጠገራ፣ ክታብ፣ የቀንድ ዋንጫና የድሮ ሳንቲም ይደረደራል። ከዚህ ሁሉ መካከል፣ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ፣ ጥብጣቡ የወየበ ወይም ጭራሹኑ ጥብጣብ የሌለው የጦር ሜዳይ ይገኛል። ገዢ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ብር ነው ወይስ ነሐስ፣ የማን ዘመን ነው። ሻጭም ለሁለቱ መልስ አያጣም። ይህን ሜዳይ ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው ሰው ማን ነበር የሚለውን ሦስተኛ ጥያቄ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው፤ ቢያነሣም መልስ የሚሰጠው አያገኝም። የዚህ ዳሰሳ ክርክር የቆመው በዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ላይ ነው። የኢትዮጵያን የጦርነት መታሰቢያ መሰብሰብ ብረት ከማከማቸት የተለየ ሥራ መሆን አለበት፤ የእኛ ሜዳይ በላዩ የባለቤቱን ስም አልያዘምና ከወረቀቱ፣ ከፎቶግራፉና ከቤተሰቡ ቃል የተነጠለ ዕለት የማን እንደሆነ መናገር ያቆማል።

ነገሩ በደንብ እንዲታይ ከሩቅ መጀመር ይሻላል። በጃፓን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ እ.ኤ.አ. 1945 ድረስ የቆየ አንድ ልማድ ነበር። ወጣቱ ለውትድርና ሲጠራ ጎረቤትና ዘመድ ስንቅና ስጦታ ይዞ ይሸኘዋል። አገልግሎቱን ጨርሶ በሰላም ሲመለስ ደግሞ እሱ ወይም ቤተሰቡ ለሸክላ ሠሪ አዝዞ ትንንሽ የሳኬ ጽዋዎች ያሠራል፤ ሳኬ ከሩዝ የሚጠመቀው የአገሩ መጠጥ ነው። ጽዋዎቹ ለሸኙትና ለተቀበሉት ሰዎች ይታደላሉ። ከእጅ መዳፍ የማይሰፋ ስስ የሸክላ ወይም በላከር የተቀባ የእንጨት ጽዋ ላይ የፀሐይ መውጫው ባንዲራ፣ የቼሪ አበባ፣ የሠራዊቱ ኮከብ ወይም የብረት ቆብ ይሣላል፤ አጠገቡ የክፍለ ጦሩ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም የወታደሩ ስም ይጻፋል። ከእ.ኤ.አ. 1904 እስከ 1905 ከሩሲያ ጋር ከተደረገው ጦርነት ወዲህ ልማዱ ተስፋፋ። ዛሬ እነዚህ ጽዋዎች በጃፓንም ሆነ በውጭ ብዙ ሰብሳቢ አላቸው፤ የእግረኛው ጦር ጽዋ በብዛት ስለሚገኝ ረከስ ይላል፣ የባሕር ኃይልና የአየር ክፍል ጽዋ ይወደዳል። አስመሳዮችም አሉበት፤ ምንም ያልተሣለበትን አሮጌ ጽዋ ገዝተው አዲስ ሥዕልና ጽሑፍ ያስጨምሩበታል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ጽዋውን ያዘዘው ራሱ ወታደሩ ወይም ቤተሰቡ እንጂ መንግሥት አይደለም። ስሙም በእሳት አብሮ የተጠበሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ያ መንግሥት ወድቆ፣ የጦሩ ክብር ነውር በሆነበት ዘመን እንኳ ጽዋው ከቁም ሣጥን ጀርባ ሲሸሸግ ስሙም አብሮ ተሸሸገ፤ ሲወጣም አብሮ ወጣ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ይቆጠቁጣል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን መቅደላ ላይ የወጋው የእንግሊዝ ጦር ለዘመቻው የብር ሜዳይ ተሸልሟል። የሜዳዩ ፊት መካከል ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ መልክ አለ፤ ዙሪያውን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ይከበዋል፤ በጫፎቹ መካከል ባሉት ዘጠኝ ክፍተቶች ያን ጊዜ ፈረንጅ አገራችንን የሚጠራበት ስም ፊደል በፊደል ተበትኖ ተቀምጧል። ሲገለበጥ ደግሞ በቅጠል ጉንጉን መሐል የወታደሩ ስምና ክፍሉ ጎልቶ ይነበባል። ለእያንዳንዱ ሰው ስሙን እንዲህ አጉልቶ ማውጣት ብዙ ወጪ ያለበት ሥራ ስለሆነ በእንግሊዝ የዘመቻ ሜዳዮች ዘንድ እንኳ ያልተለመደ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለንደን ውስጥ አንዱን የገዛ ሰብሳቢ ስሙን ይዞ የተሸላሚዎቹን መዝገብ ያገላብጣል፣ ሰውየው በየትኛው ክፍል እንደዘመተ ያገኛል። የመቅደላን አምባ የወጣው ወታደር በ150 ዓመት ውስጥ ስሙ አልጠፋም። በ1928 ዓ.ም. ጫካ ገብቶ አምስት ዓመት የታገለው አርበኛ ሜዳይ ግን ፒያሳ ላይ ስም የለሽ ሆኖ ይሸጣል። ይህ የሆነው የእኛ ሰዎች ስለ ስም ግድ ስለሌላቸው አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው።

ሜዳይ ከመምጣቱ በፊት ለነበረው የኢትዮጵያ ጦር ሽልማት ማለት የሚለበስና የሚነገር ነገር ነበር። የአንበሳ ጎፈር፣ ለምድ፣ በብር የተለበጠ ጋሻ፣ ቢተዋ፣ ራስ ወርቅ፣ ከዚያም ማዕረግና መሬት። ጀግናው ማን እንደሆነ ለማወቅ ዕቃውን ማንበብ አያስፈልግም ነበር፤ ራሱ በፉከራው፣ በፈረስ ስሙና በአባቱ ስም ይናገራል፣ አዝማሪውም ይቀበለዋል። ስሙን የሚሸከመው የሰው አፍ ነበር ማለት ነው። ኒሻን የሚባለው የአውሮፓ ልማድ በዚህ ላይ ነው የተደረበው። የሰሎሞን ማኅተም ኒሻን በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1874 ተመሠረተ ይባላል፤ ጃፓን የፀሐይ መውጫ ኒሻኗን ያቋቋመችው በዓመቱ በ1875 ነው። ሁለቱም አገሮች ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በእኩልነት ለመጻጻፍና ስጦታ ለመለዋወጥ ሲሉ አንድ ዓይነት ቋንቋ ተማሩ። ምኒልክ የኢትዮጵያ ኮከብን ጨመሩ፤ በዘውዲቱ ዘመን የንግሥተ ሳባና የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻኖች መጡ፤ በ1923ቱ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ደግሞ የሥላሴ ኒሻን ታከለ። እነዚህ በአብዛኛው የመኳንንት፣ የመልእክተኞችና የውጭ መሪዎች ክብር ነበሩ። ተራው ወታደር ሜዳይ በብዛት ያገኘው ከነፃነት በኋላ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ መንግሥት ሰዉን በሜዳይ ለየው። በጫካ ለቆየው የአርበኝነት ሜዳይ፣ አገር ጥሎ ለተሰደደው የስደት ሜዳይ፣ ከዚያም የድል ኮከብ። የአርበኝነቱ ሜዳይ ጥብጣቡ ላይ ትንንሽ የዘንባባ ቅጠሎች ይሰካሉ፤ ቁጥራቸው ሰውየው በአርበኝነት የቆየባቸውን ዓመታት ይናገራል። ባለ 5 ዘንባባ ማለት ጠላት ከገባበት እስከ ወጣበት ያለውን ዘመን ሁሉ በዱር ያሳለፈ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ዓመቱ በብረት ላይ ተቆጥሯል፣ የሰውየው ስም ግን የለም። ዘንባባውም የተሰካው በጥብጣቡ ላይ ስለሆነ ጥብጣቡ ሲበሰብስ ወይም ሲቀየር ዓመቱም አብሮ ይሄዳል። ከባለ 5 ዘንባባ ሜዳይ አራቱን ነቅሎ ለሌላ አራት ሜዳይ መስካትም ይቻላል፤ ዘንባባ ያለው ይበልጥ ስለሚፈለግ ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ቢኖር አይገርምም። ስለዚህ የአርበኛ ሜዳይ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ፊቱን ሳይሆን ጥብጣቡን ነው። የዘንባባው ቀዳዳ የቆየ ነው ወይስ አዲስ? ከቅጠሉ ሥር ያለው ጨርቅ ከሌላው ይልቅ ቀለሙን ጠብቋል? ብርሃን ያልነካው ጨርቅ አይወይብምና ይህ ምልክት በቀላሉ አይዋሽም።

የኮሪያው ዘመቻ በዚህ ዘርፍ የራሱ ቦታ አለው። ቃኘው ሻለቃ፣ በራስ መኮንን የፈረስ ስም የተጠራው ጦር፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። በጠቅላላው 6,037 ያህል ኢትዮጵያውያን እየተፈራረቁ እንደዘመቱ፣ 122ቱ እንደወደቁና 536ቱ እንደቆሰሉ፣ አንድም ምርኮኛ እንዳልተያዘ ይመዘገባል። የተባበሩት መንግሥታት ለዘማቾቹ የሰጠው የነሐስ ሜዳይ በየአገሩ ቋንቋ የተሠራ ነበር፤ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በአማርኛ ነው። ነጭና ሰማያዊ መስመር በተራ የሚሄድበት ጥብጣብ አለው፤ ሜዳዩ ከጥብጣቡ ጋር በሚገናኝበት የብረት ዘንግ ላይ «ኮሪያ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። በጀርባውም ለድርጅቱ ቻርተር መርሖዎች መከበር የተሰጠ አገልግሎት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በፊደላችን ተቀርጿል። ለውጭ ሰብሳቢ ይህ የአማርኛ ቅጂ ከእንግሊዝኛው እጅግ የተወደደ ነው፤ ምክንያቱም ከሌላው ጋር ሲነጻጸር የተሠራው ጥቂት ነው። ለእኛ ግን ብርቅነቱ ትልቁ ነገር ሊሆን አይገባም። በአፍንጮ በር የቆመው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያና በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ከተማ የተሠራው የኢትዮጵያ መታሰቢያ የጋራውን ታሪክ ጠብቀዋል። የእያንዳንዱን ዘማች ታሪክ ለመጠበቅ ግን ከዚህ ሜዳይ ጋር ስሙ መገናኘት አለበት።

አንድ ሰው እዚህ ላይ ሊቃወም ይችላል፤ ሜዳይ የፋብሪካ ዕቃ ነው፣ አንዱ ከሌላው አይለይም፣ ታዲያ ስሙ ቢጠፋስ ዕቃው ምን ጎደለው? እውነት ነው፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻኖችና ሜዳዮች ብዙዎቹ በውጭ ተሠርተዋል። የለንደኑ ማፒን ኤንድ ዌብና የፓሪሱ አርቱስ ቤርትራን ስም በኒሻን ሣጥኖች ውስጥ ይገኛል። አጠገባቸው ግን የአዲስ አበባው አርመናዊ የቤተ መንግሥት ጌጣጌጥ ነጋዴ የቤድሮስ ሴቫጂያን ስም አለ፤ በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ጨርቅ ላይ በወርቅ ቀለም የታተመው የከተማችን ስም ለዚህ ዘርፍ ተመልካች ከብዙ ጽሑፍ ይልቅ ይናገራል። ከእሱ በፊት ደግሞ ዲክራን ኤቤያን የተባለው አርመናዊ አንጥረኛ ለነገሥታቱ ዘውድ ሠርቷል። በምኒልክ ዘመን የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ላይ የሚታየው ቀጭን የሽቦ ሥራ ለዓይን የሚያስታውሰው የአገራችንን አንጥረኞች ጥበብ ነው። ስለዚህ ዕቃዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የሠሪው ማኅተም፣ የጥብጣቡ ሽመና፣ የመስቀያው አሠራር ከዘመን ዘመን ይለያያል። ይሁን እንጂ ተቃውሞውን በዚህ ብቻ መመለስ ከጉዳዩ መሸሽ ይሆናል። ቢለያዩም እንኳ ልዩነቱ የሚነግረን የሠሪውን ታሪክ እንጂ የተሸላሚውን አይደለም። በጦር ሜዳይ ውስጥ ዋናው ሰው ደግሞ አንጥረኛው አይደለም። እኔ እንዲያውም ከተቃዋሚው ጋር አንድ እርምጃ እሄዳለሁ፤ ስሙ የጠፋ የፋብሪካ ሜዳይ የዘመን ናሙና እንጂ የሰው መታሰቢያ አይደለም፣ ናሙና ደግሞ ለአንድ ሙዚየም ሁለት ሦስት ቢኖር ይበቃዋል። የሰብሳቢው ድካም ከዚያ ማለፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ስሙ እንዴት ጠፋ? መልሱ በራሱ በአራዳ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ከዘውድ በዓሉ ዋዜማ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀውን የምኒልክ ሐውልት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነቅለው ቀበሩት፤ የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ ገፍተው ሰፈሩን የራሳቸው ፒያሳ አደረጉት። በዚያ ዘመን የዘውድ ኒሻን ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ሁለተኛው ዙር መጣ፤ የንጉሡ መልክ ያለበት ነገር ሁሉ ከግድግዳ ወረደ። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ጦር ሲበተን ደግሞ «ኅብረተሰብአዊት ኢትዮጵያ» የተጻፈበት ሜዳይ በተራው የሚደበቅ ሆነ። በሃምሳና ስድሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ምርጫ ገጠማቸው። ብረት በጨርቅ ተጠቅልሎ መሬት ውስጥ ወይም ጣሪያ ሥር ሊቀመጥ ይችላል፤ ወረቀት ግን ስም አለው፣ ማዕረግ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ለፈታሽ በግልጽ ይናገራል። ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚያቃጥለው ያንን ነው። ከፍርሃት የተረፈውን ደግሞ ምስጥና እርጥበት ይበላዋል። የጃፓኑ ጽዋ ከስሙ ሊለይ ስለማይችል ከመንግሥት ለውጥ ተረፈ፤ የእኛ ሜዳይ የተረፈው ከስሙ ሊለይ ስለቻለ ነው። ይህ አስተሳሰብ የሰብሳቢውን ሥራ ከሥሩ ይቀይረዋል፤ ብርቅ የሆነው ሜዳዩ ሳይሆን ከሜዳዩ ጋር የነበረው ወረቀት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መገመት አለበት።

ወረቀቱ ሲጠፋ ግን ሁሉ ነገር አላበቃም። የእኛ አገር ለዚህ ጥናት የሚሆን የራሱ መዝገብ አለው፣ ብዙ ሰው መዝገብ ነው ብሎ አያስበውም እንጂ። በቀብር ላይ የሚነበበው የሟቹ የሕይወት ታሪክ ነው። የት እንደተወለደ፣ የት እንደዘመተ፣ በማን ሥር እንደነበረ ተዘርዝሮ ወደ መጨረሻው «የተሸለማቸው ሜዳዮች» ይመጣሉ፤ ባለ ስንት ዘንባባ እንደሆነ ሳይቀር። ጽሑፉ በታይፕ ተጽፎ ለልጆች ይቀራል፣ አንዳንዴም በጋዜጣ ይወጣል። ሁለተኛው መዝገብ ፎቶግራፍ ነው። ከምኒልክ ጀምሮ ለቤተ መንግሥት የሠሩት የቦያጂያን ቤተሰቦችና ሌሎች ፎቶ ቤቶች ያነሷቸው አርበኞችና ወታደሮች ሜዳያቸውን በደረታቸው ደርድረው ቆመዋል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የጥብጣቡን ቀለም ባያሳይም የኮከቡን ቅርጽ፣ የዘንባባውን ቁጥርና የተራውን ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ብዙ ጊዜም ከጀርባው ለዘመድ መታሰቢያ ተብሎ የተጻፈ ስምና ቀን አለበት። በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ደግሞ የሽልማት ዜና ሲያወጣ ኖሯል። ሜዳይ፣ ወረቀትና ፎቶግራፍ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ እንደ ሦስት ጉልቻ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ ሲወጣ ግን ድስቱ ያዘነብላል። አንድ ሰብሳቢ መቶ ስም የለሽ ሜዳይ ከመደርደር አሥር እንዲህ ያለ ሙሉ ስብስብ ቢይዝ ለታሪክ ያበረክታል። ይህን የማምነው ስሜት አስገድዶኝ ሳይሆን፣ ከመቶው ስም የለሽ ሜዳይ የሚገኘው እውቀት ከመጀመሪያው ከአንዱ ስለማይበልጥ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው። የአባት ሜዳይ አይሸጥም፤ የሚገዛም ሰው በሰው ደም ይነግዳል፤ ስለዚህ መሰብሰብ የሚባለው ነገር ራሱ መቅረት አለበት ይባላል። የዚህ ስሜት መነሻ መቅደላ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ለጨረታ ሊቀርቡ ከነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች መካከል በመጠን የተሰደሩ የቀንድ ዋንጫዎች ነበሩበት፤ ኤምባሲያችን ጨረታው እንዲቆም ጠየቀ፣ ሼህራዛድ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረከበ። አንድ ጊዜ ከአገር የወጣ ዋንጫ ለመመለስ 150 ዓመት ፈጀ። ነገር ግን ተቃውሞውን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል ያስቸግራል። የአርበኛው ልጅ ልጅ በችግር ሜዳዩን ይዞ ፒያሳ ሲመጣ፣ የሚገዛው አገር ውስጥ የሚኖር አስተዋይ ሰብሳቢ ከሌለ የሚጠብቀው ወይ ቱሪስት ነው ወይ የአንጥረኛ ከውር። ጠገራ ብር እየቀለጠ ስንት መስቀልና አምባር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የብር ሜዳይ ከዚያ ዕጣ ያመልጣል ብሎ አይጠብቅም። ቤተሰቡን መውቀስ ቀላል ነው፤ ጡረታውን በወጉ ሳያገኝ የሞተውን አርበኛ ልጅ ስለ ሽያጭ ሥነ ምግባር ማስተማር ግን ለእኔ ከባድ ሆኖ ይታየኛል። ሕጉም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 በግል የተያዘ ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዛል እንጂ መያዝን አይከለክልም። ስለዚህ ክርክሩ መሰብሰብ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው አይደለም፤ እንዴት ይሁን የሚለው ነው። ከሻጩ ላይ ስሙን፣ የአያቱን ስም፣ የትውልድ ቦታውንና ያለውን ፎቶ ቅጂ ሳይቀበል ሜዳይ የሚገዛ ሰው፣ ምንም ያህል አፍቃሪ ነኝ ቢል፣ ከቱሪስቱ አይሻልም።

ሌላው ተቃውሞ የየዘመኑ ፖለቲካ ነው። የደርግን ሜዳይ መሰብሰብ ደርግን ማወደስ፣ የዘውዱን መሰብሰብ ናፍቆት፣ የጣሊያንን መሰብሰብ ደግሞ ክህደት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጣሊያን ለ1928ቱ ወረራ ዘማቾቿ የሰጠችው የምሥራቅ አፍሪካ ሜዳይ በእነዚህ ሱቆች አልፎ አልፎ ሲገኝ አንዳንዱ ለመንካት ይጸየፋል። ነገር ግን ያ ሜዳይ ለአስካሪዎችም፣ ማለትም በጣሊያን ጦር ውስጥ ለተሰለፉት አፍሪካውያን ወታደሮች፣ ደርሷል፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ የዚህ ምድር ሰዎች ነበሩ። እነሱን ከታሪክ መሰረዝ አርበኛውን አያስከብረውም፤ አርበኛው ማንን ሲዋጋ እንደነበረ ያድበሰብሳል እንጂ። በኦጋዴን ጦርነት የወደቀው ወታደርም ያዘመተው መንግሥት ማን እንደነበረ አልመረጠም። ሜዳይ ስለ መንግሥቱ ሲናገር ውሸት ሊናገር ይችላል፤ ስለ ሰውየው መኖርና መዝመት ግን ማስረጃ ነው፣ ማስረጃ የሚሆነውም ሰውየው ከታወቀ ብቻ ነው።

የአስመሳዮች ነገር አጭር ቃል ይበቃዋል። ተመትቶ የተሠራ ሜዳይ ፊደሉ ስለት አለው፣ መሬቱም ለስላሳ ነው፤ ከእሱ ላይ ቅርጽ ተወስዶ የቀለጠው ቅጂ ፊደሉ የደበዘዘ፣ ገጹ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ፣ ጠርዙ ላይ የሞረድ ጭረት ያለበት ይሆናል። ለየካቲት 23 በዓል ተብሎ የሚሠራው ጌጥ ማንንም አይጎዳም፤ ወጣቱ ጎፈርና ጋሻ ይዞ በምኒልክ አደባባይ ሲያሸበሽብ ያ ልብስ ያረጀ መስሎ ለሽያጭ እስካልቀረበ ድረስ ያምራል። የበለጠ የሚያወዛግበው በውጭ አገር የሚገኘው የዘውድ ምክር ቤት እስከ ዛሬ በጥንቶቹ ኒሻኖች ስም መሸለሙ ነው። እነዚህ አዲስ ሥራዎች ሐሰተኛ አይደሉም፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዕቃዎችም አይደሉም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንዱ ከሌላው የሚለየው አሁንም ከተሸላሚው ጋር በሚቀረው ወረቀት ይሆናል።

ሙዚየሞቻችን ሥራውን ይሠሩታል ብሎ መተውስ? የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም የንግሥና አልባሳትና ንዋያት አሉት፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ቅርሶችን ያኖራል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ መሐል ቆሟል። ሦስቱም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን ትልቅ ሙዚየም የሚሰበስበው የነገሥታቱንና የጦር አበጋዞቹን ነው፤ የተራ ቃኘው ዘማች ወይም የአንድ ጎበዝ አለቃ ተከታይ ሜዳይ ከነወረቀቱ የሚቆየው ቤት ውስጥ ነው። ያ ቤት ደግሞ በዚህ ሰፈር እየተነቀለ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው መልሶ ማልማት ከአሮጌዎቹ የአራዳና የፒያሳ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎችም ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል። ዕቃ ሲጫን የሚጣለው መጀመሪያ አሮጌ ወረቀት ነው፤ የተሰነጠቀ ፍሬም ውስጥ ያለ ፎቶም ይከተለዋል። ሜዳዩ ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ይተርፍና ከወራት በኋላ አንድ ሱቅ መስታወት ሥር ይገኛል። ሰብሳቢዎች፣ የአርበኞችና የዘማቾች ማኅበራትና የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች በዚህ ጊዜ የሚሠሩት ሥራ በሚቀጥሉት ሃምሳ ዓመታት ሊተካ አይችልም፤ ወረቀቱን ፎቶ ማንሣት፣ የሕይወት ታሪኩን ቅጂ መያዝ፣ ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ከሚያውቅ ሽማግሌ አፍ ጽፎ ማስቀረት ነው። ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም።

በቤታችሁ የአባት ወይም የአያት ሜዳይ ያላችሁ አንባብያን፦ ልትሸጡት አስባችሁም ይሁን ልታኖሩት፣ የባለቤቱን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታውን፣ የዘመተበትን ጦርና ዓመት በአንድ ወረቀት ጻፉና ከሜዳዩ ጋር በአንድ ሣጥን አስቀምጡት፤ ቅጂውንም ለሌላ ዘመድ ስጡ። የምትሰበስቡ ደግሞ ያለዚያ ወረቀት አትግዙ።